ገመዱና የብብቱ ጨርቅ

ለአጥቢያ ምዕመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



ዛሬ አብረን የምናየው ከነቢዩ ከኤርምያስ ሕይወት ነው። ሕይወቱን በሙሉ አይደለም፤ መጽሐፉ 52 ምዕራፍ ስለ ሆነ እስከ ማታ ብንቀመጥም አንጨርሰውም። የምናየው ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት በተከበበችበት ጊዜ፣ ረሃብ በከተማይቱ ውስጥ በበረታበት ወራት፣ በእርሱ ላይ የደረሰውን ነው። ይህን ክፍል ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። ከመካከላችን ግማሾቹ እህል በሚታደልበት ጣቢያ የሚውሉ ናቸው፤ ሌሎቹም ለዚሁ ሥራ በየአጥቢያቸው ገንዘብ የሚያዋጡ ናቸው። ኤርምያስም በዚያን ወራት የዕለት ራሽን ተቀባይ ነበረ። ስለ ርኅራኄ ስንማር ብዙውን ጊዜ ራሳችንን የምናየው በሰጪው ቦታ ላይ ነው፤ በዚህ ታሪክ ግን የእግዚአብሔር ሰው የሚገኘው በተቀባዩ ቦታ፣ ያውም በጉድጓድ ውስጥ ነው።

ኤርምያስ የካህን ልጅ፣ የዓናቶት ሰው ነበረ። ዓናቶት ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምሥራቅ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ መንደር ናት። ለነቢይነት የተጠራው ኢዮስያስ በነገሠ በ13ኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ627 ገደማ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ገና ብላቴና ነበረ። ከዚያ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ አገልግሏል። ሚስት እንዳያገባ ታዞ ብቻውን ኖረ። በቤተ መቅደሱ ሹም ትእዛዝ ተመታ፤ እግሩም በግንድ ተጠረቀ። የገዛ መንደሩ ሰዎች ሊገድሉት ተማከሩ። የተወለደበትን ቀን እስከ መርገም ደርሷል፤ መጽሐፉም ይህን አልሸፈነለትም። «እውነተኛ አማኝ አያለቅስም» የሚል ትምህርት በመካከላችን አልፎ አልፎ ይሰማል። ያን የሚያስተምሩ ወንድሞች ይህን ነቢይ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጥሩት እናስባለን።

ይህ ሰው እግዚአብሔርን ማወቅ ምን እንደ ሆነ በአንድ ስፍራ በጣም በግልጥ ተናግሯል። በ22ኛው ምዕራፍ ንጉሡን ኢዮአቄምን ሲወቅስ፣ ሠራተኛውን ያለ ደመወዝ እያሠራ በዝግባ እንጨት የተለበጠ ትልቅ ቤት እንደ ሠራ ይነግረዋል። ከዚያም አባቱን ኢዮስያስን ያስታውሰዋል፤ ኢዮስያስ የድሀውንና የችግረኛውን ፍርድ ይፈርድ ነበረ፤ እግዚአብሔርም እኔን ማወቅ ማለት ይህ ነው ብሎ ይመሰክርለታል። እንግዲህ ኤርምያስ ስለ ርኅራኄ የተናገረው በጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጀምሮ አይደለም። ሲያስተምረው የኖረውን ነገር በገዛ ሥጋው ያገኘው ግን በዚያ ነው።

ከበባው የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ588 ነው። በይሁዳ ከነበሩት የተመሸጉ ከተሞች መጨረሻ የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ እንደ ነበሩ በ34ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1935 በለኪሶ ፍርስራሽ ውስጥ በሸክላ ስብርባሪ ላይ በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። ከእነርሱ በአንዱ ላይ አንድ ወታደር ለአለቃው ሲጽፍ፣ የለኪሶን የእሳት ምልክት እየተጠባበቁ መሆናቸውን፣ የዓዜቃን ግን ማየት እንዳልቻሉ ይነግረዋል። ደብዳቤው የዚያን ዘመን ጭንቀት ያሰማናል።

በጭንቀቱ መካከል የኢየሩሳሌም ሰዎች አንድ መልካም ነገር አደረጉ። ንጉሡ ሴዴቅያስ ከሕዝቡ ጋር ቃል ኪዳን ገብቶ ዕብራውያን ባሪያዎች ሁሉ አርነት እንዲወጡ አወጀ፤ ጌቶችም ለቀቋቸው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የግብፅ ሠራዊት እንደ መጣ ተሰማ፤ ባቢሎናውያንም ከበባውን ለጊዜው ትተው ሄዱ። ያን ጊዜ ጌቶቹ ተመልሰው የለቀቋቸውን ባሪያዎች ያዙ። ፈርተው የራሩ ሰዎች ፍርሃቱ ሲያልፍ ርኅራኄያቸውም አለፈ። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አንፈልግም። ነገር ግን በአገራችንም በውጭም ረሃብ በዜና ሲነገር የሚከፈት እጅ፣ ዜናው ሲያልፍ እንዴት ፈጥኖ እንደሚዘጋ የዚህ አገልግሎት ደጋፊዎች ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ኤርምያስ ያን ድርጊት የእግዚአብሔርን ስም ማርከስ ብሎ ነው የጠራው።

በዚያው የዕረፍት ጊዜ ኤርምያስ ወደ ብንያም አገር ሊሄድ ወጣ፤ ጉዳዩ የርስቱ ነገር ነበረ። በከተማው በር ላይ ዘበኛው ያዘው፤ ወደ ጠላት ልትኮበልል ነው ተብሎም ተከሰሰ። ተደበደበና በጸሐፊው በዮናታን ቤት፣ ከምድር በታች ባለ ክፍል ታሰረ። ብዙ ቀን ከቆየ በኋላ ንጉሡ በስውር አስጠርቶ ከእግዚአብሔር ዘንድ ቃል አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ኤርምያስም ቃሉን ከነገረው በኋላ ለራሱ አንድ ልመና አቀረበ፤ ወደዚያ ቤት እንዳይመልሰውና በዚያም እንዳይሞት ለመነ። ነቢዩ ለሥጋው መለመንን አላፈረበትም። ንጉሡም በግዞት ቤት አደባባይ እንዲቀመጥ፣ ከጋጋሪዎችም መንገድ በየቀኑ አንድ እንጀራ እንዲሰጠው አዘዘ። ይህም በከተማው ያለው እንጀራ ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ ተሰጠው። ራሽን ስናድል የምንሞላው ቅጽ ላይ ያ ሰው ቢኖር «አባወራ፣ ቤተ ሰብ 1፣ መጠን በቀን አንድ» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ስሙን ከሌሎች ስሞች የሚለይ ምልክት በቅጹ ላይ አይኖርም።

መኳንንቱ ግን አልተዉትም። ንግግሩ የወታደሩን እጅ ያደክማል ብለው እንዲሞት ጠየቁ። ሴዴቅያስም እኔ በእናንተ ላይ ምንም ማድረግ አልችልም፣ በእጃችሁ ነው አላቸው። ከእነዚህ ሰዎች የሁለቱ ስም፣ የሰሌምያ ልጅ ዮካልና የጳስኮር ልጅ ጎዶልያስ፣ በትንንሽ የጭቃ ማኅተሞች ላይ ተጽፎ በኢየሩሳሌም፣ የዳዊት ከተማ በሚባለው ስፍራ በቁፋሮ ተገኝቷል፤ አንደኛው በ2005፣ ሁለተኛው በ2008 በአውሮፓ አቆጣጠር። ማኅተም የነበራቸው፣ ፊርማቸው የሚሠራ፣ የታወቁ ሹማምንት ነበሩ። ኤርምያስን ወስደው በግዞት ቤት አደባባይ ወዳለ የመልክያ ጉድጓድ አወረዱት። እንዲህ ያለ ጉድጓድ በዓለት ውስጥ ተፈልፍሎ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ውኃ አልነበረበትም፤ ጭቃ ብቻ ነበረ። ኤርምያስም በጭቃው ውስጥ ሰጠመ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እንዳያመልጠን። መኳንንቱ ኤርምያስን ወደ ጉድጓዱ አልወረወሩትም፤ በገመድ አወረዱት። ገመዱ በክፉዎቹም እጅ ነበረ። ይህን ልብ ብለን እንያዘውና እንቀጥል።

በንጉሡ ቤት አንድ ጃንደረባ ነበረ፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ይለዋል። በዕብራይስጡ ኩሻዊ ነው የሚለው፤ ኩሽ ደግሞ ከግብፅ በስተ ደቡብ በዓባይ ወንዝ ዳር ያለው ሰፊ አገር፣ ከዛሬዋ ሱዳን ብዙውን ክፍል የያዘ ነው። ስለዚህ የእኛ መንደር ልጅ ነበረ ብለን አንመካም፤ ዘመዳችን እንደ ሆነ ግን አባቶቻችን ሳይጠራጠሩ ተቀብለውታል። ስሙ በዕብራይስጥ የንጉሥ ባሪያ ማለት ነው፤ እንዲያው ስም መሆኑ ቀርቶ የሥራ መጠሪያ ሊመስል ይችላል። ባዕድ ነው፤ ጃንደረባ ነው፤ በሕጉ መሠረት ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ የተከለከለ ነው። በከተማው ውስጥ ከቤተ መቅደሱ አገልጋዮች፣ ከነቢያትና ከካህናት መካከል ስለ ኤርምያስ በዚያ ቀን የተናገረ አንድም ሰው አልተጻፈልንም። የተናገረው ይህ ሰው ነው።

የተናገረበትን ቦታ ተመልከቱ። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ነበረ፤ ያም ሕዝብ የሚወጣበትና የሚገባበት፣ ፍርድ የሚሰማበት አደባባይ ነው። አቤሜሌክ ከንጉሡ ቤት ወጥቶ ወደዚያ ሄደ። እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ያደረጉት ሁሉ ክፉ ነው አለ። ከዚያም ዋናውን ምክንያት አቀረበ፤ በከተማው እንጀራ ስለሌለ ያ ሰው ባለበት በረሃብ ይሞታል አለ። ስለ ትንቢቱ ትክክለኛነት አልተከራከረም፤ ነቢዩ የየትኛው ወገን ደጋፊ እንደ ሆነ አላነሣም። ረሃቡን ብቻ ተናገረ። ትናንት ምንም ማድረግ አልችልም ያለው ንጉሥ ዛሬ 30 ሰዎች ይዘህ አውጣው ብሎ አዘዘ። ሴዴቅያስ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ፤ ጆሮው ላይ በመጨረሻ የተናገረውን የሚከተል። በዚያ ቀን የመጨረሻው ተናጋሪ መልካም ሰው ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አቤሜሌክ 30 ሰዎች አሉት፤ ገመድም አለው። ጊዜ ደግሞ የለውም፤ መኳንንቱ የንጉሡን ሐሳብ በማግስቱ ሊያስለውጡት ይችላሉ። እርሱ ግን በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አልሄደም። አስቀድሞ ወደ ንጉሡ ቤት፣ ከግምጃ ቤቱ በታች ወዳለው ክፍል ገብቶ ያረጀና የተቀደደ ጨርቅ ለቀመ። ከዚያም ጨርቁን ለኤርምያስ በገመድ አወረደለት፤ ይህን ከብብትህ በታች፣ ከገመዱና ከሥጋህ መካከል አድርገው አለው። ኤርምያስም እንዲሁ አደረገ፤ ጎትተውም አወጡት።

ይህ ጨርቅ ስለ ምን ተጻፈ? ታሪኩ ያለ እርሱም ሙሉ ነው፤ «በገመድ ጎትተው አወጡት» ቢባል ማንም አንባቢ አይጎድልበትም ነበር። ነገር ግን በጉድጓዱ ውስጥ ስላለው ሰው እናስብ። ዕድሜው ወደ 60 የሚጠጋ፣ ለብዙ ወራት በቀን አንድ እንጀራ የኖረ፣ ሥጋው አልቆ አጥንቱ የቀረ ሰው ነው። ጭቃው ይዞታል፤ ከዚያ ለመንቀል ኃይል ያስፈልጋል። ገመዱ በባዶ ብብቱ ገብቶ 30 ሰዎች ቢጎትቱት ከጉድጓዱ ይወጣል፤ ቁስሉ ግን አብሮት ይወጣል። በተከበበች ከተማ፣ ሐኪምና ምግብ በሌለበት፣ እንዲህ ያለ ቁስል ሊገድል ይችላል። አቤሜሌክ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ የገመዱን መጨበጫ ብቻ አላሰበም፤ በሌላው ጫፍ ያለውን ብብትም አሰበ።

ገመድ ለመኳንንቱም ለአቤሜሌክም ነበራቸው ብለናል። ልዩነቱ ያለው በጨርቁ ላይ ነው። ጨርቁንም ከላይ አልወረወረለትም፤ ቢወረውረው በጭቃው ውስጥ ይወድቅ ነበር፤ በገመድ ወደ እጁ አደረሰለት። ጨርቁንም የሚያደርገው ራሱ ኤርምያስ ነው፤ ምን እንደሚያደርግና ስለ ምን እንደሚያደርገው ተነገረው። ነቢዩ እንደ ጆንያ አልተጎተተም።

(ይህን የሰማ ወንድም ያረጀ ልብሱን ሰብስቦ ወደ ጽሕፈት ቤታችን እንዳይልክ እንለምናለን። አቤሜሌክ ያረጀ ጨርቅ የፈለገው ለስላሳ ስለ ሆነ ነው እንጂ፣ ለቤተ መንግሥቱ የማይጠቅመውን ለነቢዩ ለመስጠት አይደለም።)

በጣቢያችን ላይ ጨርቁ ምንድን ነው? እስቲ በሚታይ ነገር እንናገር። ለአንድ ሰው የሚሰጠው የወር እህል ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው። አምስት ነፍስ ያለባት እናት 75 ኪሎ ትቀበላለች ማለት ነው። በእኛ መዝገብ ላይ ሥራው በዚያ ያበቃል፤ ፈርማለች፤ ጣቷን በቀለም ነክራለች። 75 ኪሎ ግን በማን ጀርባ ይሄዳል? ቤቷ የአራት ሰዓት መንገድ ከሆነ አህያ ትከራያለች፤ ኪራዩንም ከእህሉ ቆርሳ ትከፍላለች። ወይም በጣቢያው አጠገብ ለቆመ ነጋዴ ከፊሉን በርካሽ ትሸጣለች። የራሽኑ ስሌት ትክክል ነው፤ ገመዱም ጠንካራ ነው፤ ብብቷ ግን ተልጧል። የማደያውን ቦታ ወደ መንደሩ ማቅረብ ለእኛ ተጨማሪ የጭነት ኪራይ ነው። የዚያ ኪራይ ስም በበጀታችን ላይ ትራንስፖርት ይባላል፤ በኤርምያስ መጽሐፍ ጨርቅ ይባላል።

ሌላም አለ። ሰዎች ከሌሊቱ ጀምሮ በሜዳ ላይ ተሰልፈው እስከ ቀትር የሚቆዩት የእኛ መኪና ስለ ዘገየ ነው ወይስ ሰዓቱን ስላልነገርናቸው? ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ የሚቀድምበት ሥርዓት አለ? የሚገባቸው መጠን በአደባባይ ተነግሯቸዋል ወይስ መዛኙ ብቻ ያውቀዋል? ቅር ያለው ሰው አቤቱታውን ከዚያው ከመዛኙ ሌላ የሚነግረው ሰው አለ? አንድ ጎበዝ ሠራተኛ በጥላ ሥር ወንበርና አንድ እንስራ ውኃ ቢያዘጋጅ የዋና መሥሪያ ቤት ፈቃድ አያስፈልገውም። አቤሜሌክም ስለ ጨርቁ ንጉሡን አላስፈቀደም። የተፈቀደለት 30 ሰው ነበረ፤ የቀረው ከራሱ ልብ ነው።

ለአጥቢያዎች ደግሞ አንድ ነገር እንናገራለን። ከእናንተ አንዳንዶቹ የሚያለቅስ ሕፃን ፎቶግራፍ በየጊዜው እንድንልክላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ መባ ለማሰባሰብ እንደሚረዳ እናውቃለን። ኤርምያስ እስከ አንገቱ በጭቃ እያለ ፎቶግራፍ አንሺ ቢመጣ ኖሮ ምን እንደሚል እንጃ። ከእንግዲህ የምንልክላችሁ እናቱ የፈቀደችውን፣ ለማን እንደሚታይም የተነገራትን ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ገቢው ቢቀንስ እንኳ በዚህ እንጸናለን።

ስለ ወንጌልም እንዲሁ ነው። ክርስቶስን የምንሰብክ ሰዎች ነን፤ አናፍርበትምም። እህሉን ግን የስብከት መንጠቆ አናደርገውም። «ጉባኤ ያልመጣ አይሰፈርለትም» የሚል ቃል ከማናችንም አፍ እንዳይወጣ። በ1994 በአውሮፓ አቆጣጠር የቀይ መስቀል ማኅበራትና የርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ ይህንኑ ይከለክላል፤ እኛ ግን ከደንቡ በፊት ይህ ጃንደረባ ነበረልን። በገመዱ ጫፍ ላይ ምንም ቅድመ ሁኔታ አላሰረበትም።

በጥንታዊው የአገራችን መጽሐፍ፣ በተረፈ ባሮክ፣ አቤሜሌክ ኢየሩሳሌም ስትጠፋ እንዳያይ 66 ዓመት እንደ ተኛ ይተረካል። ብዙዎቻችሁ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ነው። የእንቅልፉን ታሪክ ሁሉ ያስታውሳል፤ ወደ ውጭ የወጣው ግን ለሕመምተኞች በለስ ለማምጣት ኤርምያስ ልኮት እንደ ነበረ ብዙ ሰው አያነሣም።

በትንቢተ ኤርምያስ የተጻፈው ግን ሌላ ነው፤ እርሱም በ39ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ኤርምያስ ከጉድጓዱ ከወጣ በኋላ ነፃ አልተለቀቀም፤ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ቆየ። በዚያ ሳለ የእግዚአብሔር ቃል መጣለት፤ መልእክቱም ለአቤሜሌክ ነበረ። ከተማይቱ ትጠፋለች፤ አንተ ግን ለምትፈራቸው ሰዎች እጅ አትሰጥም፤ በእኔ ታምነሃልና ነፍስህ ትተርፍልሃለች የሚል ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ አቤሜሌክ ይፈራ ነበር። በብንያም በር በድፍረት የተናገረው ሰው ሌሊት የሚፈራቸው ሰዎች ነበሩት። ሁለተኛ፣ የተረዳው ሰው ለረዳው ሰው የሚሰጠው ነገር ነበረው። ራሱ እስረኛ ነው፤ የዕለት እንጀራውም ተቋርጧል፤ ለአቤሜሌክ ፍርሃት የሚሆነው ቃል ግን በእርሱ ዘንድ ነበረ። በየጣቢያችን የሚሰለፉትን ሰዎች ስናይ ከእነርሱ የምንቀበለው ነገር አለ ብለን ጠይቀን እናውቃለን? የሽማግሌዎቻቸውን ምክር፣ የእናቶቻቸውን ጸሎት፣ የመሬታቸውን ጠባይ ማወቃቸውን ሳንጠይቅ ስንቱን ፕሮጀክት ጽፈናል!

ስለ እምነት እስካሁን ጥቂት ብቻ ነው የተናገርነው። በዚያው አደባባይ ኤርምያስ ያደረገው አንድ ሌላ ነገር በ32ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። የአጎቱ ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛ አለው። የባቢሎን ሠራዊት አገሩን ይዞታል፤ ሻጩም ገዢውም እርሻውን ሄደው ሊያዩት አይችሉም፤ ገዢው ደግሞ እስረኛ ነው። ኤርምያስ 17 ሰቅል ብር መዘነለት፤ በዛሬ ሚዛን ወደ 200 ግራም ይጠጋል። የሽያጩን ውል በሁለት ቅጂ፣ አንዱን የታተመ ሌላውን የተከፈተ አድርጎ በምስክሮች ፊት ፈረመ፤ ለጸሐፊው ለባሮክም ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑረው አለው። በዚህች ምድር ቤትና እርሻ ገና ይገዛል የሚለውን ቃል አምኖ ነው። (ደረሰኝና ምስክር መጠየቅ የእምነት ጉድለት ነው እያላችሁ የሒሳብ ሹማችንን የምታስቸግሩ ወንድሞች ይህን ምዕራፍ ደጋግማችሁ እንድታነቡት እናሳስባለን።)

ውሉን ከጨረሰ በኋላ ኤርምያስ ጸለየ። ጸሎቱ ግን የደስታ አልነበረም፤ ከተማይቱ በጠላት እጅ እየገባች ሳለ እርሻ ግዛ ማለትህ ምን ነገር ነው የሚል ያህል ነበረ። ስላልገባው አልተወውም፤ መጀመሪያ ብሩን መዘነ፤ ከዚያ በኋላ ጠየቀ።

ይህን ነገር ከእኛ ሥራ ጋር የሚያገናኘን የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ነው። በወሎና በትግራይ የነበረው ገበሬ ዝናቡ ሲቀር መጀመሪያ በሬውን ሸጠ፤ ቀጥሎ ዘሩን በላ፤ በመጨረሻ ቤቱን ዘግቶ ወደ ኮረምና ወደ መቀሌ መጠለያ ተጓዘ። በመጠለያው ከርሃቡ በተጨማሪ ኩፍኝና ተስቦ በመጨናነቁ ምክንያት ብዙ ሰው ጨረሱ። እህሉ ሲመጣም ሕይወት አዳነ፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ነገር ግን የተረፈው ገበሬ ወደ መንደሩ ሲመለስ የሚያርስበት በሬ፣ የሚዘራው ዘር አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የርዳታ ሠራተኞች ሁሉ የተማሩት፣ በሬው ሳይሸጥ ሰው ከመንደሩ ሳይወጣ መድረስ እንደሚገባ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ከዚህ ትምህርት የወጣ ነው። ችግሩ ይህ ነው፦ በረሃብ ጊዜ ለእህል ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ይገኛል፤ ገና ለሚመጣ አዝመራ ለዘርና ለበሬ ገንዘብ የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። እርሻው በጠላት እጅ እያለ 17 ሰቅል የሚመዝን ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ዓመት ከየአጥቢያው የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከምታዋጡት አንዱን ክፍል ለእህል ሳይሆን ለዘር ብላችሁ ለዩልን።

ከተማይቱ ስትወድቅ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንናገርና እንጨርስ። የባቢሎን የዘበኞች አለቃ ናቡዘረዳን ኤርምያስን ከሰንሰለት ፈታው፤ ወደ ባቢሎን ብትመጣ እጠብቅሃለሁ፤ ብትፈልግም በአገርህ ቅር አለው። ስንቅና ስጦታም ሰጥቶ አሰናበተው። ኤርምያስ የቀረው በምድሪቱ ከቀሩት ድሆች ጋር ነው። በባቢሎን የሚጠብቀው ማዕድ ነበረ፤ በምጽጳ ግን ያልታረሰ መሬትና ያዘነ ሕዝብ ነበረ። በእኛም አገር እንዲህ ያለ ምርጫ የገጠማቸው ነበሩ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት ዕድል ሲቀርብላቸው ምዕመናኑን ትተው ለመሄድ አልወደዱም፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። በእርሳቸው የአመራር ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ለውጭ ረጂዎች በጻፈችው ደብዳቤ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለያይቶ መርዳት እንደማይገባ ገልጣ ነበር።

በምጽጳ የተሾመው የአኪቃም ልጅ ጎዶልያስ (ከላይ በማኅተሙ ያየነው ሌላ ሰው ነው) ሕዝቡን ወይኑንና የበጋውን ፍሬ ዘይቱንም እንዲያከማቹ መከራቸው። ወደ ሞዓብ፣ ወደ አሞንና ወደ ኤዶም ተሰድደው የነበሩት ይህን ሰምተው ተመለሱ፤ እጅግ ብዙም አከማቹ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ጎዶልያስ በሰባተኛው ወር ተገደለ፤ የቀሩትም ባቢሎናውያንን ፈርተው ወደ ግብፅ ለመሸሽ ወሰኑ። ኤርምያስ እንዳይሄዱ ነገራቸው፤ ትዋሻለህ አሉት። ሲሄዱም እርሱንና ባሮክን ይዘዋቸው ሄዱ። በግብፅ በጣፍናስ ሲናገር እናገኘዋለን፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዓናቶት እንደ ተመለሰ የሚናገር ቃል በመጽሐፉ የለም። የገዛውን እርሻ አላረሰውም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ምርኮኞቹ ከባቢሎን ሲመለሱ ዕዝራ በየመንደራቸው እየቆጠረ ጽፏቸዋል። በሁለተኛው ምዕራፍ 23ኛው ቁጥር ላይ የዓናቶት ሰዎች አሉ፤ ቁጥራቸውም 128 ነው።